ሜዲስን ላልደረሳቸው፡ ሁለተኛው በር የት ነው?

ከአዘና የሚመጣ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከብቱን አስገብቶ፣ እራቱን ቀምሶ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው ስልኩን የሚያነሳው። ያን ምሽት ግን ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ። “ልጅቷ ሜዲስን አልደረሳትም። ነርሲንግ ነው የሰጧት። እህል በአፏ ካልዞረ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ባሕር ዛፉን ልሸጠው ነው፤ አንተ እዚያው አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ፈልግላት” አለኝ።

ባሕር ዛፉን አውቀዋለሁ። አባታችን የተከለው ነው። እየተቆረጠ፣ ከጉቶው መልሶ እያቆጠቆጠ የሁለት ትውልድ ደብተርና ጫማ ገዝቷል። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ወንድሜ “ልሸጠው ነው” ሲል የደረሰውን ግንድ ብቻ ማለቱ እንዳልሆነ ገብቶኛል። መሬቱን ጭምር ለረጅም ዓመት በኪራይ አሳልፎ ሊሰጥ ነው።

“ጋሼ፣ ባሕር ዛፉ አንድ ወር ይቆይ። እስከዚያ እኔ ላጣራ” አልኩት። በዚያች አንድ ወር ውስጥ ያጣራሁትንና ከራሴ ሕይወት የማውቀውን ነው ዛሬ ለአንባቢ የማካፍለው። እንዲህ ያለ ስልክ የሚደወልለት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ከክፍለ ሀገር መጥተን ከተማ ውስጥ ሥራ የያዝን ሁሉ “እሱ ተምሯል፣ ያውቃል” ተብሎ ይደወልልናል። መልሳችን ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ “አይዞሽ፣ ለበጎ ነው” ወይም “ገንዘብ ካለ ምን ችግር አለ”። የመጀመሪያው ልጅቷን አያጽናናም። ሁለተኛው ደግሞ የቤተሰብ ጥሪት ያስሸጣል።

እኔ ራሴ ሜዲስን ያልደረሰኝ ሰው ነኝ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው በ1998 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ሕክምና ላቦራቶሪ ስመደብ ነው። ሁለተኛው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመቀመጫው ልክ

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። የወንድሜ ልጅ የተፈተነችው በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት፣ ስንቱ እኩያዋ ፈተና ላይ መቀመጥ እንኳ ባልቻለበት ዓመት ማለት ነው። ከ100 ተፈታኝ 5ቱ ብቻ ባለፉበት ፈተና እሷ ካለፉት አንዷ ናት። ቤት ውስጥ ግን “ወደቀች” ተብሎ ነው የሚወራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወንፊት የተለየ ነው። የጋራ ኮርሶቹን ተምረው ወደ ዲፓርትመንት ሲመደቡ የማትሪክ ውጤታቸውና የፍሬሽማን ነጥባቸው ታይቶ በምርጫቸው ቅደም ተከተል ይደለደላሉ። የሜዲስን መቀመጫ የሚወሰነው ግን በጎበዝ ተማሪ ብዛት አይደለም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ስንት ሐኪም መምህር አለው? የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ስንት አልጋ አለው? በአንድ በሽተኛ ዙሪያ ስንት ተማሪ ይቁም? መቀመጫውን የሚወስነው ይህ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዩኒቨርሲቲ የመለሰው ነጥብ ሌላው ዘንድ ሊያስገባ ይችላል። ዘንድሮ ያላስገባ ነጥብ አምና ያስገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ አላለፈችም ሲባል “ሐኪም የመሆን ችሎታ የላትም” ተብሎ ተፈረደባት ማለት አይደለም። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ግቢ፣ መቀመጫው እሷ ጋ ሳይደርስ አለቀ ማለት ብቻ ነው።

በአሜሪካ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። እዚያም በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ ትምህርቱን የሚጀምረው 23 ሺህ ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይመለሳል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ የተመለሰ ሰው በቀጣዩ ዓመት እንደገና የሚያመለክትበት የታወቀ መንገድ አለው። ነጥቡን የሚያሻሽልበት፣ የጎደሉትን የሳይንስ ኮርሶች የሚያሟላበት የድኅረ ዲግሪ መሰናዶ ፕሮግራምም አለለት። እኛ አገር ግን በሩ በ18 እና በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ልጆቻችንን እህል የሚያስተወውም ይሄ “አንድ ጊዜ ብቻ” የሚለው ስሜት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ወር

የእኛ ቤት ልጅ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ስሟ “ዶክተር” ነበር። አያቷ፣ ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ ሳይቀር “ዶክተር ነይማ” እያሉ ነው ያሳደጓት። ያን ቀን የጠፋባት እንግዲህ አንድ የትምህርት ዘርፍ ብቻ አይደለም፤ ስሟም ጭምር ነው። ወንድሜን መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ በስሟ ትጠራ። “ዶክተር” መባሉ ይቅር፤ “አይ ዕድል” መባሉም ይቅር።

ሁለተኛው ነገር፣ በዚያ ወር ውስጥ መልሶ መመለስ የማይቻል ውሳኔ አለመወሰን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ብዙ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ጥለው ይወጣሉ፤ ወላጆችም ንብረት ይሸጣሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫን ጥሎ መውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መልሶ ማግኘት ግን ላይቻል ይችላል።

ሦስተኛው፣ በዚያው ወር ውስጥ የግድ መደረግ ያለበት ነገር አለ፤ እሱም ወረቀቱን ማጣራት ነው። ነጥቡ በትክክል ተደምሯል? የምርጫ ቅደም ተከተሉ በትክክል ተመዝግቧል? የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ መቼ ያበቃል? በዚያው ግቢ ከአንዱ የጤና ዘርፍ ወደ ሌላው መዛወር ይፈቀዳል ወይ? እነዚህን ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ራስ መጠየቅ ይሻላል እንጂ ከጓደኛ በሰሙት መተማመን አያዋጣም። ቀነ ገደብ ደግሞ ሐዘን እስኪወጣ አይጠብቅም።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ሐዘን ተፈጥሯዊ ነው፤ ጥቂት ቀን ማልቀስ፣ ሰው መሸሽ ያለ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ አለመብላቱ፣ ከሰው መራቁ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ልጁ “መኖሬ ምን ይጠቅማል” የሚል ቃል ከተናገረ ነገሩ ከምክር በላይ ነው። በአቅራቢያ ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የመኖር ነገር ከተነሳ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሆን አንድ ቀንም መጠበቅ የለበትም። ይህን መናገር የሚያሳፍራቸው ቤተሰቦች አሉ። ልጅን ማጣት ግን ከማፈር ይከፋል።

ሁለተኛው በር

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ወደ ሕክምና መግባት ይቻላል?

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በኋላ በገጠር ሲያገለግሉ የቆዩ ጤና መኮንኖች ተመልሰው ተምረው ሐኪም የሆኑባቸው ጊዜያት ነበሩ። በሥራ ተፈትኖ ወደ ሕክምና መምጣት እንግዲህ አሮጌ መንገድ ነው።

በሩ በሰፊው የተከፈተው ግን በ2004 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የጤና ጥበቃና የትምህርት ሚኒስቴሮች “ኒው ኢኒሼቲቭ” እየተባለ የሚጠራውን አዲሱን የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ አስጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የሐኪሞች ቁጥር ከሕዝቡ ጋር አይመጣጠንም፤ የተማሩትም ወደ ውጭ ይሄዳሉ። ስለዚህ በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ፣ ከባዶ ከሚጀምሩት ባጠረ ጊዜ ሐኪም ማድረግ ተፈለገ። አሰጣጡም የተለየ ነበር። አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን ለየብቻ ለዓመታት ከማስተማር ይልቅ ትምህርቱ በሕመም ታሪክ ዙሪያ ተጠቃሎ ይሰጣል፤ ተማሪውም ገና ከመጀመሪያው ከበሽተኛ ጋር ይገናኛል።

እኔም አመለከትኩ። ያን ጊዜ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። ለአምስት ዓመት ያህል “አንድ ቀን” እያልኩ ስጠብቀው የኖርኩት ቀን የመጣ መሰለኝ። ፈተናውን ተፈተንኩ። የተመረጡት ስም ዝርዝር ሲወጣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፤ ስሜ የለም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ነርስ ግን ገባ። እሱ ዛሬ ሐኪም ነው፤ ጎበዝ ሐኪም። ትምህርቱን የጀመረው ልጅ ወልዶ ነው። ደመወዙ ቀርቶበት፣ ሚስቱ ቤቱን ይዛለት፣ ከእሱ በዕድሜ ካነሱ ልጆች ጋር መኝታ ክፍል ተጋርቶ ነው የጨረሰው። ስለዚህ “ይቻላል ወይ?” ለሚል መልሴ “ይቻላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ” ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። ያ በር የተከፈተው አገሪቱ በዚያን ሰዓት ሐኪም በብዛት ስለፈለገች ነው። የተማሪ ምኞት ታይቶ አልተከፈተም። ፍላጎቱና በጀቱ ሲለወጥ በሩም ይጠባል፣ ይሰፋል። እንደ አሜሪካው በየዓመቱ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ መስፈርት የሚከፈት ቋሚ በር አልሆነም። ስለዚህ የ19 ዓመት ልጅን “ነርሲንጉን ቶሎ ጨርሺና በኢኒሼቲቭ ትገቢያለሽ” ብሎ መላክ ትልቅ ስህተት ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ ተዘጋጅቶ መገኘት አንድ ነገር ነው፤ ሕይወትን በማስታወቂያ ላይ ማንጠልጠል ሌላ ነው።

ተዘጋጅቶ መገኘት ማለት ምን ማለት ነው? አሁን የያዙትን ዲግሪ በጥሩ ነጥብ መጨረስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ የሙያ ብቃት ፈተና አለ። ሁለቱን በመጀመሪያው ሙከራ ማለፍ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃን በወጉ መያዝ፣ እንግሊዝኛን ማጠናከር ያስፈልጋል። ለሁለተኛው በር የሚጠቅሙት ነገሮች በሩ ባይከፈትም የሚጠቅሙ ናቸው። ጥሩ ዝግጅት የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

በገንዘብ የሚከፈተው በር

ወንድሜ ያሰበው ይህን ነው። የግል የሕክምና ኮሌጆች አሉ። እንደ ሀያትና ማይንግሰንግ ያሉት ከራሳቸው ሆስፒታል ጋር ሆነው ለዓመታት ሐኪም ሲያስመርቁ ቆይተዋል። አቅም ላለው ቤተሰብ የሚናቅ መንገድ አይደለም። ነገር ግን ከመመዝገብ በፊት አራት ነገር መጣራት አለበት።

አንደኛ፣ ዕውቅናው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ ነው። ኮሌጁ በፋርማሲ ዕውቅና ስላለው በሕክምናም አለው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሆስፒታሉ። ተማሪዎቹ በሽተኛ የሚያዩት የት ነው? የራሱ ሆስፒታል ከሌለው ከየትኛው ጋር ነው ውል ያለው? ሐኪም የሚሠራው በአልጋው ዳር ነው እንጂ በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ልጁ የማትሪክ ውጤቱና ሌሎች የመግቢያ መስፈርቶቹ በተመዘገበበት ዓመት ሕግ መሠረት መሟላታቸው። ከዓመታት በኋላ “መግቢያህ ትክክል አልነበረም” መባል ከመጀመሪያው መመለስ እጅግ ይከፋል።

አራተኛ፣ ሒሳቡ። ወላጆች የሚያሰሉት የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ነው። ማስላት ያለባቸው ግን ከ6 እስከ 7 ዓመት ያለውን ነው፤ የቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን፣ በየዓመቱ የሚጨምረውን ጭምር። ከወንድሜ ጋር በስልክ ቁጭ ብለን ስናሰላው የባሕር ዛፉ ዋጋ ሁለተኛውን ዓመት እንኳ አይጨርስም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ምን ሊሸጥ ነው? በሬው? ትምህርቱን መሀል ላይ ያቋረጠ ልጅ ባሕር ዛፉንም ሜዲስኑንም ያጣል።

ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ለሚያስቡም ተመሳሳይ ነው። ደላላው የሚነግራችሁ ስለ ቪዛው ነው። እናንተ ግን የምትጠይቁት ስለ መመለሻው ይሁን፦ ዲግሪው እዚህ አቻ ግምት ያገኛል? ተመልሶ ሲመጣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ለመፈተን ያስችለዋል?

በር ያልመሰሉ በሮች

አሁን ስለ ሦስተኛው ነገር ልናገር። ለወንድሜ ልጅ በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። “ከሐኪምነት ምኑን ነው የወደድሽው?” አልኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ “አጎቴ፣ እማዬ ታናሼን ስትወልድ ያን ሌሊት ያዳናትን ዶክተር ያስታውሱታል? እንደ እሱ መሆን ነው የምፈልገው” አለችኝ።

አስታውሰዋለሁ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶ ከአዘና ወደ ሆስፒታል የተወሰደችበትን ሌሊት መቼም አልረሳውም፤ ለእረፍት ሄጄ ስለነበር አብሬ ነበርኩ። ቀዶ ሕክምናውን የሠራውን ወጣት ንጋት ላይ ኮሪደር ውስጥ አግኝቼ አመስግኜዋለሁ፤ ሻይም አብረን ጠጥተናል። ሁላችንም “ዶክተር” እያልን ነበር የምንጠራው። ሰውየው ግን ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን ሆኖ በገጠር ሠርቶ፣ ከዚያ በተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማህፀንና ጽንስ ትምህርት ማስተርሱን የያዘ ባለሙያ ነበር። ይህ የ3 ዓመት ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዓላማውም ስፔሻሊስት በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች ለምጥና ለድንገተኛ አደጋ የሚደርስ ሰው ማፍራት ነው።

ይህን ስነግራት ለጊዜው አላመነችኝም። “ታዲያ ቀዶ ጥገናውን እንዴት አደረገው?” አለች። “ተምሮ ነዋ” አልኳት።

የጤና ሙያ ከውጭ ሲያዩት አንድ በር ያለው ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ክፍሉ ብዙ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በሽተኛውን አስተኝቶ፣ ትንፋሹን ጠብቆ የሚመልሰው የአንስቴዥያ ባለሙያ ነው። በሳንባ ምች የተያዘ አራስ ሕፃን ሌሊቱን የሚያድረው በነርሷ ዓይን ነው። ወረርሽኝ ሲነሳ መነሻውን የሚከታተለው በመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ይህም በማስተርስ ደረጃ በአገራችን ይሰጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ የሚገነቡ መንገዶች ናቸው። እነዚህኞቹ የሚጠይቁትም በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው እንጂ በ18 ዓመቱ የተመረጠ ልጅ አይደለም።

እኔስ? ከ2004ቱ ውጤት በኋላ ለጥቂት ወራት ሥራዬን በግማሽ ልብ ነበር የምሠራው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም በግማሽ ልብ ነበር የሠራሁት፤ ላቦራቶሪው ለእኔ መናኸሪያ ነበር፣ አውቶቡስ መጠበቂያ። ያነቃኝ አንድ ማሽን ነው ብል ይገርማችሁ ይሆናል። የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ወደ አገራችን መግባት የጀመረበት ወቅት ነበር። ቀድሞ የቲቢ መድኃኒት መላመድን በባህል ምርመራ ለማወቅ ሳምንታት እንጠብቅ ነበር። ይህ መሣሪያ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይናገራል። አንድ ቀን ለወራት በተሳሳተ መድኃኒት ሲሠቃይ የነበረ ወጣት ውጤት ከእጄ ወጣ፤ በዚያው ሳምንት መድኃኒቱ ተቀየረ። ሐኪሙ ወደ ላቦራቶሪ መጥቶ፣ “አንተ ባትነግረኝ እስካሁን በጨለማ ነበርኩ” አለኝ። ከዚያ በኋላ በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ማስተርሴን ሠራሁ። ዛሬ በዚሁ ሙያ ነው ያለሁት።

ይህን የምለው “ላቦራቶሪ ከሐኪምነት ይበልጣል” ለማለት አይደለም። ነጭ ጋወን ለብሶ በሽተኛ ሲጎበኝ የድሮ ጓደኛዬን ሳይ አሁንም አንዳንድ ቀን ሆዴን ቆረጥ ያደርገኛል። ልናገር የፈለግሁት ሌላ ነው። ሜዲስንን በማጣቴ ያን ያህል አልተጎዳሁም። የተጎዳሁት እሱን ስጠብቅ፣ በእጄ ያለውን ሥራ እንደ ቅጣት ቆጥሬ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ነው። የመጀመሪያውን ያደረገው ምደባ ነው። ሁለተኛውን ያደረግሁት ግን እኔው ነኝ።

ከመወሰን በፊት

ለወንድሜ ልጅ በመጨረሻ አራት ጥያቄ ጽፌ ላክሁላት። በየቤታችሁ ለምታማክሯቸው ልጆች ይጠቅም ይሆናል።

የምትፈልጊው ሥራውን ነው ወይስ ስሙን? ስሙን ከሆነ ነውር የለውም፤ ግን እወቂው። ስም ደግሞ ሌሊት ተረኝነትን አያቀልም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም እንደደረሱ ሰምተሻል። ከመካከላቸው ሐኪሞችም ነበሩ። አንድ ጀማሪ ሐኪም ፈልጊና ስለ አንድ ሳምንቱ ጠይቂው።

ሁለተኛው በር ፈጽሞ ባይከፈት፣ በያዝሽው ሙያ 30 ዓመት መኖር ትችያለሽ? መልሱ “አልችልም” ከሆነ አሁኑኑ ሌላ ዘርፍ መጠየቅ ይሻላል።

ስንት ዓመት፣ በማን ገንዘብ ትሞክሪያለሽ? ሙከራ ገደብ ይኑረው። ሁለት ማስታወቂያ ወይም እስከ 28 ዓመት ዕድሜ፣ የፈለግሽውን ቁረጪ፤ ግን በወረቀት ጻፊው።

እስከዚያ ምን ትሆኛለሽ? ይህን የምጠይቅሽ እኔ ስላልመለስኩት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ተመልሷል። ግቢዋ ሄዳ ሬጅስትራሩን ጠይቃለች፤ ከነርሲንግ ወደ ጤና መኮንን ለመዛወር ማመልከቻ ማስገባት እንደሚቻል ነግረዋታል፤ አስገብታለች። “ካልተፈቀደስ?” አልኳት። “ካልተፈቀደማ ነርሲንጉን እማራለሁ። ከዚያ በኋላም መንገድ አለ አይደል? ሜዲስንን ግን አልተውኩትም አጎቴ፤ እስከ 28 ዓመቴ ብዬ ጽፌያለሁ” አለችኝ። ማመልከቻው ይህን እስከምጽፍ ድረስ መልስ አላገኘም።

ወንድሜ ባሕር ዛፉን አልሸጠውም። ለመመለሻዋ መሳፈሪያና ለዓመቱ የኪስ ገንዘብ የሚሆን ጥቂት ግንድ ብቻ ነው ያስቆረጠው። “ጉቶው አለ፣ ያቆጠቁጣል” አለኝ፤ እኔም ሳልጨምር “አዎ ጋሼ” አልኩት።

ቸር እንሰንብት።